ወንድ የማይገባበት ጓሮ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ ጊዜ አቅማምቻለሁ። ማንም አልሞተም። ደም አልፈሰሰም፣ ፖሊስ አልተጠራም። ለዶርም ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዷ ሳቀችና «ታዲያ በመጨረሻ ፈረመች አይደል? ምኑ ነው ገጠመኙ?» አለችኝ። እውነቷን ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ከላይኛው አልጋ ላይ ሆና ስታዳምጥ የቆየችው ሌላዋ ልጅ ግን «የእኔ እህት አልፈረመችም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በጽሑፍ ልምድ የለኝም። በጨዋነት ለመጻፍ እሞክራለሁ። አንዳንድ ቦታ ላይ ቃሌ ከጠነከረ ግን አንባቢ ይታገሠኝ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ተናድጃለሁ።

በዚያ ክረምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። ወላጆቻችን የሚኖሩት ፍስሐ ገነት ነው። እኔ ግን ዲላ፣ ታላቅ እህቴ አስቴር ቤት ተቀምጬ ሕፃን ልጇን ሶስናን እይዝላት ነበር። አስቴር ጤና ጣቢያ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ባሏ ዳንኤል የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ እኔ «ጋሼ ዳንኤል» እለዋለሁ። አይጠጣም፣ አይማታም። በቤተ ክርስቲያናችን ሊጋቡ የተቃረቡ ወጣቶችን የሚመክረው እሱ ነው። ሰርግ ላይም ንግግር አድርግልን ይባላል። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ቆሞ «ሚስት ረዳት ናት ማለት ገረድ ናት ማለት አይደለም! የዛሬ ዘመን ትዳር እኩልነት ነው!» ሲል ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አብሬ እልል ብያለሁ።

ቤት ውስጥ ግን እህቴ ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች፤ ቁርስ ትሠራለች፣ ልጇን አጥብታ ሥራ ትገባለች፣ ስትመለስ ደግሞ እራት ትሠራለች። ጋሼ ዳንኤል እንግዳ ፊት «እኛ ቤት ሁሉም እኩል ነው» ይላል። እንግዳው ሲሄድ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «አስቱ፣ ውሃ» ይላል። አስቴርም ታቀብለዋለች።

ነሐሴ ውስጥ አስቴር ሐዋሳ ሄዳ ዲግሪዋን እንድትማር ተመረጠች። ስሟ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የቀራት ዲላ ባለው የዞኑ ጤና ቢሮ በአካል ቀርባ፣ መታወቂያዋን አሳይታ መፈረም ብቻ ነበር። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ያልፈረመ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጥበታል። ይህን ዕድል ስንት ዓመት እንደጠበቀች እኔ አውቃለሁ። ጋሼ ዳንኤል ሲሰማ አቅፎ ሳማት። «ኮራሁብሽ!» አላት። በሳምንቱ መጨረሻ በጸሎት ቡድኑ ፊትም ስሟን ጠርቶ አስጨበጨበላት።

ረቡዕ ጠዋት ስልክ ሲያወራ ቆይቶ ወደ ማድ ቤት መጣ።

«አስቱ፣ እማማን አሟታል። ክንዷ ተጎድቷል አሉ። ዛሬ እንሂድ።»

«ዓርብ የምፈርም መሆኔን አልረሳህም?»

«ምን ነካሽ! አንድ ቀን አድረን እንመለሳለን። ሐሙስ ማታ እዚህ ነን። ትግስት ልጅቷን ትይዝልሻለች።» ትግስት ያለው እኔን ነው። ከዚያ ደግሞ በር ላይ ቆም አለና «መታወቂያሽን ስጪኝ፣ ዝናቡ ያበላሸዋል። የእኔ ቦርሳ ውሃ አያስገባም» አላት።

እህቴ ሰጠችው። ባሏ ነው፣ ምን ታስብ? ያን ጊዜ እኔም ምንም አላሰብኩም።

የእናቱ ቤት ከወናጎ ከተማ ወጥቶ፣ ከአስፋልቱ ዳገቱን በእግር ተወጥቶ የሚደረስበት ቦታ ነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ስንደርስ እማማ አለሚቱ በአንድ ክንዳቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው በሌላው እንጨት ተሸክመው ከጓሮ ሲወጡ አገኘናቸው።

«ምን ሆናችሁ መጣችሁ?» አሉ ደንግጠው።

«ታመዋል ብለውን ነው እንጂ» አለች አስቴር።

«እኔ? ጭቃ አንሸራቶኝ ክንዴ ተቀጨ እንጂ ምን ሆንኩ?»

ጋሼ ዳንኤል ሳቀ። «እማማ መቼ አመመኝ ብላ ታውቃለች?» አለና ነገሩን በቀልድ አለፈው።

ግቢው ሥራ ላይ ነበር። የዳንኤል ታናሽ ወንድም ከመስቀል በኋላ ሊያገባ ነው፤ ለሰርጉ የሚሆነው ቆጮ ጊዜ ወስዶ ጉድጓድ ውስጥ መብላላት ስላለበት እንሰቱ አሁን መፋቅ ነበረበት። ነገሩን የሚመራው የሟች አባታቸው ወንድም አባባ ጅግሶ ነበሩ። ወንዶቹን አስተባብረው ብዙ እንሰት አስነቅለዋል። በድሮ ዘመን የቀበሌ ሹም ስለነበሩ፣ ቁም ነገር የተናገሩ ሲመስላቸው ከጌዴኦኛ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። አስቴርን ሲያዩ በትራቸውን ጭቃው ላይ ተክለው በአማርኛ ጀመሩ፤

«እንኳን መጣሽ ልጄ። የታላቁ ልጅ ሚስት ሳትቀመጥ ፍቂያ አይጀመርም። ባህላችን ነው።»

አካባቢውን ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ እንሰት መትከልና መንቀል ወንድም ይሠራዋል፤ መፋቅ ግን የሴት ብቻ ነው። ሴቶቹ ጓሮ ውስጥ፣ በእንሰት ቅጠል በታጠረ ቦታ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የእንሰቱን ግንድ እየላጡ ሳንቃ ላይ ያጋድሙታል፤ በአንድ እግራቸው ረግጠው ይዘው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁታል። ቃጫው ለብቻው ይቀራል፣ ሥጋው ይወርዳል። እዚያ ቦታ ወንድ አይገባም። አይገባም ብቻ ሳይሆን ማየቱም ነውር ነው። አባት ቢሆን፣ ባል ቢሆን፣ ሽማግሌ ቢሆን ከቅጠሉ ወዲያ ይቆማል።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ እህቴ ፋቀች። ከዓመታት በኋላ ሳንቃው ፊት መቀመጧ ስለሆነ እግሯ ይንሸራተት ነበር። የጎረቤት ሴቶች በሳቅ ሞቱ።

«የላቦራቶሪዋ! ይሄ እኮ ደም አይደለም፣ በመርፌ አይቀዳም!»

«ቀስ በይ፣ እንሰቱ ምን አደረገሽ? ባልሽ መሰለሽ እንዴ?»

አስቴርም ሳቀች። መዳፏ ውሃ ቋጥሮ ሲፈነዳ እንኳን አልተከፋችም። «ነገ ስፈርም እስክሪብቶ መያዝ ካቃተኝ አንቺ ትፈርሚልኛለሽ» አለችኝ። ሰዓቱ ሲመሽ ግን ጋሼ ዳንኤል «ዝናቡ ከብዷል፣ መንገዱ አይሆንም፤ ነገ በጠዋት እንሄዳለን» አለ። ዝናቡ እውነት ከብዶ ነበር። አደርን።

ዓርብ ጠዋት እህቴ ተጣጥባ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ይዛው የመጣችውን ንጹሕ ሹራብ ለብሳ ቆመች። ሶስናን አዘልኳት።

«ዳኒ፣ መታወቂያዬን ስጠኝ፤ እንሂድ።»

«ቁርስ እንብላ መጀመሪያ።»

«ዲላ እንበላለን።»

በዚህ መሃል አባባ ጅግሶ ገቡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና እህቴን ትክ ብለው አዩዋት። ፊታቸው በርቶ ነበር። እንደ ልማዳቸው በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ተባረኪ» አሉ። «ዳንኤል ነግሮናል። ትምህርቱን ትቼ፣ ሥራዬንም ለጊዜው አቁሜ፣ የባሌን እናት እጦራለሁ፣ ጓሮውን እይዛለሁ ማለትሽ አኩርቶናል። የተማረች ሴት እንዲህ ስትል ሰምተን አናውቅም። ከሰዓት ሽማግሌዎች መጥተው ይመርቁሻል።»

እህቴ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ስልኩን ያይ ነበር፤ የስልኩ ባትሪ ካለቀ ግን አንድ ቀን ሆኖታል።

«ማን ነው ያለው?» አለች አስቴር ቀስ ብላ። «እኔ እንዲህ ያልኩት መቼ ነው?»

«አስቱ፣ ተረጋጊ። ለሁለታችንም ነው ያሰብኩት።»

«መቼ ነው ያልኩት?»

«ሶስና ትንሽ ናት። እማማ ደክማለች። ታናሼ ካገባ በኋላ የእሱ ሚስት እስክትለምድ ድረስ ብቻ ነው። ትምህርት የትም አይሄድም። ደግሞ ባህላችንን ማክበር አለብን።»

«ሰርግ ላይ ስትናገር ባህል አላልክም። እኩልነት ነው ያልከው።»

«ያ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ጋሼ ዳንኤል ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ለሕዝብ ነው፣ አስቱ» አላት።

ለሕዝብ ነው! እኔ ያኔ እልል ያልኩት፣ እነዚያ ሁሉ ሙሽሮች ያጨበጨቡት፣ ለሕዝብ ነበር። ቢማታ ኖሮ ሰው ሁሉ ያወግዘው ነበር። እሱ ግን በገዛ አንደበቷ ያልተናገረችውን ተናገረች ብሎ፣ እሷ ሳትሰማ ስለ ሕይወቷ ወስኖ ጨርሶ፣ ምርቃት ብቻ አስቀርቶላት ነበር።

«መታወቂያዬን» አለች አስቴር። እጇን ዘረጋች።

«ከሽማግሌዎቹ በኋላ እንነጋገራለን።»

ወደ ኪሱ እጇን ስትሰድ ወደ ኋላ ሸሸ። አባባ ጅግሶ ተነስተው በራፉ ላይ ቆሙ። «ሽማግሌ ሳይቀመጥ ከዚህ ግቢ የሚወጣ የለም» አሉ። «ሚስት ከባሏ ጋር እየተጓተተች ስትወጣ ጎረቤት ምን ይላል? ሴት የምትከብረው በባሏ እናት ጓሮ ነው።»

እህቴ ለጥቂት ጊዜ ቆማ አየቻቸው። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም። «በባሏ እናት ጓሮ?» አለች። «እሺ።» ከእኔ ጀርባ ሶስናን ተቀብላ አቀፈችና በጓዳው በር ወጥታ በቀጥታ ወደ ጓሮው ሄደች። እኔም እየሮጥኩ ተከተልኳት። ወንዶቹም ተከተሉን። የቅጠሉ አጥር ጋ ስንደርስ እኛ ገባን። እነሱ ግድግዳ እንደገጠመው ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሴቶቹ ሥራ ጀምረዋል። እማማ አለሚቱም በደህናው እጃቸው ቃጫ ይለዩ ነበር። አስቴር ሳንቃዎቹ መሃል ቆመች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ‹አስቴር ትምህርቷን ትታ እዚህ ልትኖር ተስማምታለች› ብሎ ዳንኤል ነግሮዎታል?»

«ነግሮኛል» አሉ። «ደስም ብሎኛል። ለምን እዋሻለሁ፤ ደክሞኛል፣ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔ አላልኩም። ዛሬ ዲላ ካልፈረምኩ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል። መታወቂያዬን ኪሱ ከቶ ከለከለኝ። እርስዎ ታመዋል ብሎ ነው ያመጣኝ።»

የመፋቂያዎቹ ድምፅ አንድ በአንድ ቆመ። እማማ አለሚቱ ቃጫውን ከጭናቸው ላይ አራግፈው ተነሱ። የእሳቸው ንግግር ሁሉ በጌዴኦኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ኃይሉ ግን ከእጄ ያመለጠ ይመስለኛል።

«ዳንኤል!»

«አቤት እማማ» አለ ከቅጠሉ ወዲያ።

«ይህች ልጅ ተስማምታለች ወይስ አልተስማማችም?»

«እማማ፣ ለአንቺ ብዬ ነው እኮ…»

«የጠየቅኩህ ሌላ ነው።»

በእሱ ፋንታ አባባ ጅግሶ ተናገሩ። ወደ ውስጥ ላለማየት ፊታቸውን ወደ አንድ የቡና ዛፍ አዙረው ነበር፤ በቅጠሎቹ መካከል ጀርባቸው ይታየኛል። ለቡና ዛፉ የሚናገሩ ነበር የሚመስለው።

«አለሚቱ፣ አንቺ ባህል ታውቂያለሽ። የታላቁ ልጅ ሚስት ሳትቀመጥ ፍቂያ እንደማይጀመር…»

«ይህን ማን ነገረህ?»

«የአባቶቻችን ሕግ ነው!»

«አባቶችህ እዚህ ገብተው ያውቃሉ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ ጉልበቷን እየመታች ወደ ኋላ ተንጋለለች። አባባ ጅግሶ የሆነ ነገር ለማለት ጉሮሯቸውን ቢጠርጉም እማማ አለሚቱ ጊዜ አልሰጧቸውም።

«እኔ የታላቁ ልጅ ሚስት ሆኜ ነው ይህ ቤት የገባሁት። የመጀመሪያ ልጄ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ ሳንቃ ፊት አልተቀመጥኩም። አማቴ ናት የፋቀችልኝ። ‹የምታጠባ ሴት ወገቧ ይጠበቅ› ትል ነበር። ይህን አንተ አታውቅም፤ ከየት ታውቃለህ? እዚህ አልነበርክማ! ይህችን ልጅ ትናንት ጡት የሚጠባ ሕፃን እያላት ያስፋቅኋት አንተን ሰምቼ ነው። ‹ራሷ ካልተቀመጥኩ አለች› ብለኸኛል።»

እኔ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ጠቡ በባህልና በዘመናዊነት መካከል ነው ብዬ አስብ ነበር። እህቴ ዘመናዊ፣ እነሱ ባህላዊ። እዚያ ቅጠል ሥር ቆሜ ግን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሁለት ወንዶች አይተውት ለማያውቁት ሥራ ሕግ አውጥተዋል፤ ሕጉን ደግሞ የአባቶቻችን ነው ብለው አትመውበታል። አንዱ አረጋዊ፣ አንዱ ባለዲግሪ።

እማማ አለሚቱ ወደ ሴቶቹ ዞረው «ቀርከሃችሁን አስቀምጡ» አሉ።

ሁሉም አስቀመጡ። የተፋቀውን በቅጠል ሸፈኑና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«ጅግሶ፣ መታወቂያዋ እስኪመጣ ድረስ እዚህ ቤት እንሰት አይፋቅም።»

«አለሚቱ! ተነቅሎ ያለቀ እንሰት ነው! ይጠቁራል! ዝናቡ መጣ!»

«ግቡና ፋቁት!» አለች ትናንት በእህቴ ስትቀልድ የነበረችው ሴት።

«ሳንቃው ባዶ ነው አባባ ጅግሶ፣ እግርዎን ብቻ ታጥበው ይምጡ!»

«መምህሩም ይምጣ፣ እኩል ነን ይል የለ!»

ሳቁ ሲያልቅ የቀረው የዝናቡ ኮቴ ብቻ ነበር። ከተራራው ወዲያ ያጉረመርማል። ከአጥሩ ውጭ የተነቀለው እንሰት ተጋድሞ ይታያል፤ የተቆረጠበት ቦታ ቀለሙ መለወጥ ጀምሯል። ሶስና አለቀሰች። እህቴ አጠባቻት። ጊዜው እየሄደ ነበር፤ እኔ ዲላ ያለውን ቢሮ እያሰብኩ ጥፍሬን እነክስ ነበር።

በመጨረሻ የተናገረው ጋሼ ዳንኤል ነው። «አስቱ፣ በኋላ ትጸጸቻለሽ» አለ።

«የምጸጸተው እኔ ነኝ» አለች እህቴ። «እሱን እንኳን ለእኔ ተውልኝ።»

እማማ አለሚቱ ደግሞ «ለእኔ ብለህ ከሆነ ለእኔ ብለህ ስጣት» አሉት።

አልሰጠም። እውነቱን ልጻፍ፤ ለእናቱም ብሎ አልሰጠም። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ አባባ ጅግሶ ናቸው በቁጣ ወደ እሱ የዞሩት። «ስጣት አልኩህ! በአንተ ምክንያት ሰርጉ ሊበላሽ ነው እንዴ? እንግዳ ምን ላብላ?» ጮሁበት። እህቴ ከእናት ቃል ይልቅ በቆጮ ነፃ ወጣች። ይህን ሳስብ ልስቅ እልና ያቅተኛል።

መታወቂያው በቅጠሉ አናት ላይ ተወርውሮ እርጥብ ቃጫ ላይ ወደቀ። አስቴር አንስታ በሹራቧ ጠረገችው። እማማ አለሚቱ «በታች በኩል ውጡ፣ በበሩ አትሂዱ» አሉን። ከኋላችን የመፋቂያዎቹ ድምፅ እንደገና ሲጀምር እየሰማን በቡናው ውስጥ ቁልቁል ወረድን።

ዝናቡ መሃል መንገድ ላይ ያዘን። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ሁለት ሚኒባስ ሞልቶ አለፈን። የሦስተኛው ረዳት ጭቃችንን አይቶ «ወንበሬን ታበላሻላችሁ» አለ፤ ሾፌሩ «ሕፃን ይዘዋል፣ አስገባ» ብሎት ገባን። ዲላ ወርደን ባጃጅ ያዝን። ቢሮው ስንደርስ ሠራተኞች ጃንጥላ እየዘረጉ መውጣት ጀምረው ነበር።

ጉዳዩን የያዘው ሰውዬ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የእህቴን ስም ሲሰማ ግንባሩን ከሰከሰ።

«አንቺ ትተሽዋል አይደል እንዴ? ባለቤትሽ ረቡዕ ዕለት ደውሎ ነግሮናል። ተጠባባቂዋን ሰኞ ነይ ብለናታል።»

ረቡዕ! ገና ከቤት ሳንወጣ። ማድ ቤት መጥቶ «ሐሙስ ማታ እዚህ ነን» ሲላት ደውሎ ጨርሷል ማለት ነው።

«እኔ ትቻለሁ የሚል ፊርማ አለ?» አለች አስቴር።

«ፊርማ የለም። ግን ባልሽ እኮ ነው። መምህር ነው፣ የተከበረ ሰው ነው። ውሸት ይነግረናል?»

«ባሌ ‹አሟታል› ብሎ ቢደውል እኔን ሳትጠይቁ መርፌ ትወጉኛላችሁ?»

ሰውዬው ሊስቅ ቃጣውና ተወው። «እህቴ፣ የቤታችሁን ጉዳይ ቤታችሁ ጨርሱና ኑ። እኛ በባልና ሚስት መሃል አንገባም።»

ገብተዋል እኮ! ገብተው ከባልየው ጋር ቆመዋል፤ አልገባንም የሚሉት ሚስቲቱ ስትመጣ ነው። ኮምፒውተር ያለበት፣ ስለ ሴቶች እኩልነት የሚናገር ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ የተለጠፈበት ቢሮ ነው እንግዲህ። እዚያም ቢሆን የባል ድምፅ በስልክ የሚስትን ስም ሰርዟል።

እህቴ ከጠረጴዛው ፊት ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሶስናን ከእኔ ተቀበለች፣ ሹራቧን ከፈተችና ማጥባት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሰውዬው።

«እስክትዘጉ ጊዜ አለ። ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ። መታወቂያዬ ይኸው። እኔ ደግሞ ይኸው። ካልፈረምኩ የምወጣው ስትዘጉ ከወንበሩ ጋር ነው።»

ሰውዬው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከጀርባው ሲታይ ቁርጥ አባባ ጅግሶን ሆነብኝ። በሩ ላይ ጃንጥላ ይዘው የቆሙ ሁለት ሴት ሠራተኞች መውጣታቸውን ትተው ይመለከቱ ጀመር። አንዷ «ሰዓቱ እኮ አልደረሰም» አለች፣ ለማንም ሳትል። ሰውዬው ተነፈሰ፣ መሳቢያ ሳበ፣ ወረቀቱን ወደ እህቴ ገፋ። «ችግር ቢመጣ ኃላፊነቱ የራስሽ ነው።»

«የራሴ ነው» አለች አስቴር።

እስክሪብቶ ስትይዝ መዳፏ ላይ ያለው ቁስል ደማ። ወረቀቱን እንዳያቆሽሽ በሁለት ጣቷ ብቻ ይዛ ቀስ ብላ ፈረመች።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ስለ ተለወጠው ነገር ልንገራችሁ። መስከረም ላይ እማማ አለሚቱን ልጠይቅ ወናጎ ሄጄ ነበር። ላስደስታቸው ፈልጌ «እማማ፣ ለካ የድሮው ይሻላል» አልኳቸው። ክፉኛ ተቆጡኝ።

«ማን አለ? ባሌ ይመታኝ ነበር። ጓሮ የምሸሸው ለምን መሰለሽ? እኔ ድሮ ደግ ነው አላልኩም። ድሮ ያልነበረውን ነበር እያሉ አያሸክሙን ነው ያልኩት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው «ባህላችን ነው» ሲለኝ፣ ማን ሲሠራው አይተሃል ብዬ እጠይቃለሁ። «ዘመናዊ ነኝ» ሲለኝ ደግሞ ውሃ የሚቀዳልህ ማነው እላለሁ። ክፍል ውስጥ አስቸጋሪ ልጅ ተብያለሁ፤ መምህራንን ማስቀየም የማልወድ ሰው ነኝ፣ ግን አልተውኩትም። ምክንያቱም የእህቴን ኑሮ ሳየው አሮጌውም አዲሱም ሸክም እሷ ላይ ነው ያለው። ደመወዝ አምጪ ሲሏት ዘመናዊት ሚስት ናት፣ ሳንቃ ፊት ተቀመጪ ሲሏት የባህል ሚስት ናት። አማቷ ያገኙት የአራስ እረፍት ለእሷ አልደረሳትም። የእኩልነቱም ንግግር ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ቀርቷል። ከሁለቱም ዘመን የደረሳት ሥራው ብቻ ነው። እናንተ ይህን የምታነቡ ወንዶች፣ ሁላችሁም ዳንኤል ናችሁ አላልኩም። ነገር ግን ሚስታችሁ ተስማምታለች ብላችሁ የተናገራችሁት መቼ ነው? እሷ ሰምታ ነበር?

አስቴር ጥቅምት ላይ ሶስናን ይዛ ሐዋሳ ገባች። ሽማግሌዎች ተመላለሱ። «ይቅር በይው፣ ቤትሽን አታፍርሺ» አሏት። እሷም «ቤቴን አላፈረስኩም። ተስማምታለች ብሎ ለነገራችሁ ሰዎች፣ በተናገረበት ቤት፣ ዋሽቻለሁ ይበል። ከዚያ እመጣለሁ» አለች። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም። ጋሼ ዳንኤል ስጦታ ላከ፣ ሰው ላከ፣ በስልክ አለቀሰ። ያቺን አንዲት ቃል ግን ወራት ሙሉ አፉ እምቢ አለ።

በመጨረሻ አንድ እሑድ እናቱ ቤት ተሰበሰብን። አባባ ጅግሶ ነበሩ፣ ጎረቤቶቹ ነበሩ፣ እህቴ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ጋሼ ዳንኤል ተነሳ። መድረክ ላይ እንደዚያ የሚፈስሰው ንግግሩ ጠፍቶ ነበር። «አላለችም» አለ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ዋሽቻለሁ።» ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም እልል አላለም። እህቴ ገብታ ተቀመጠች።

ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።